ሊሊ ጓሮ ውስጥ እንዴት ይተከላል፣ እንዴትስ ይያዛል?

"ሊሊ ሞክሬ አልያዘልኝም" የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። እንዴት እንደሆነ ስጠይቃቸው ታሪኩ አንድ ዓይነት ነው። ተከሉት፣ አጠጡት፣ ጠበቁት፣ ምንም አልወጣም። እኔም መጀመሪያ የተከልኳቸው ስድስቱም እንደዚያው ሆነውብኝ ነበር። ቆይቼ ቆፍሬ ሳወጣቸው ልስልስ ብለው እጄ ላይ ፈረሱ። በስብሰዋል። ውሃ አብዝቼባቸው አልነበረም፤ አፈሩ ነው ውሃውን ይዞ አልለቅም ያለው። ከዚያ ወዲህ ሊሊ ስተክል አበባውን ትቼ መጀመሪያ የማስበው ከመሬት በታች ስላለው ነገር ነው። እዚያ ታች ደህና ከሆነ ተክሉ ብዙ አያስቸግርም፤ በየዓመቱ ራሱ ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ ከታች ጀምረን ወደ ላይ እንሂድ።

የያዛችሁት በእርግጥ ሊሊ ነው?

ሊሊ የሚል ስም የተሰጠው አበባ ብዙ ነው። ካላ ሊሊ፣ ፒስ ሊሊ፣ ዴይሊሊ፣ የውሃ ሊሊ ሁሉም በስም ይመሳሰላሉ እንጂ ዘራቸው ሌላ ነው፤ አተካከላቸውም ይለያል። እዚህ የማወራው በሳይንሳዊ ስሙ ሊሊየም ስለሚባለው ነው። ወደ 100 የሚጠጉ የዱር ዝርያዎች አሉት። መነሻቸውም እስያ፣ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ነው። ዛሬ በየጓሮው የምናያቸው አብዛኞቹ ግን ሰዎች እያዳቀሉ ያወጧቸው ናቸው።

መለያው ቀላል ነው። ሊሊየም ከመሬት ቀጥ ያለ አገዳ ያወጣል፤ ቅጠሎቹም ከአገዳው ታች እስከ ላይ ተደርድረው ይበቅላሉ። ዴይሊሊ ግን ቅጠሉ እንደ ሣር ረጅም ሆኖ ከሥሩ ነው የሚፈልቀው፤ እያንዳንዱ አበባውም ከአንድ ቀን አያልፍም።

ከመሬት በታች ያለውን ሽንኩርት መሳይ ክፍል ኮረት እንበለው። ሽንኩርት ደረቅ ልጣጭ አለው፤ የሊሊ ኮረት ግን የለውም። እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ወፋፍራም ቅርፊቶች የተሠራ ነው። እነዚህ ቅርፊቶች የተክሉ ስንቅ ናቸው። የሚሸፍናቸው ነገር ስለሌለ ቶሎ ይደርቃሉ፣ ሲመቱም ቶሎ ይጎዳሉ። የቱሊፕ ኮረት መደርደሪያ ላይ ለወራት ተቀምጦ ምንም አይሆንም። ሊሊ ሙሉ በሙሉ ስለማይተኛ እንደዚያ አይችልም። እጃችሁ በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትከሉት። የግድ ማቆየት ካለባችሁ ትንሽ እርጥብ በሆነ የእንጨት ብናኝ ወይም ኮኮ ፒት (ከኮኮናት ልጣጭ የሚሠራ ብናኝ) ጠቅልላችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩት።

የትኛውን ዓይነት?

ለጀማሪ ሁልጊዜ የምመክረው እስያቲክ የሚባለውን ነው። ብዙ አፈር ይስማማዋል፣ ከሁሉም ቀድሞ ያብባል፣ ቁመቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በቀላሉ አይወድቅም። አበባው ወደ ላይ ቀና ብሎ ይከፈታል፤ ቀለሙም ከነጭ እስከ ጥቁር ቀይ አለ። ጉድለቱ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል።

ሽታ የምትፈልጉ ከሆነ ኦሪየንታል ነው። ምሽት ላይ አንድ አገዳ ብቻ ግቢውን ሁሉ ያውደዋል። ኦሪየንታል ግን መራጭ ነው። ትንሽ አሲዳማ አፈር ይፈልጋል፣ ጠራራ ፀሐይ አይወድም፣ የሚያብበውም ዘግይቶ ነው። ኖራ የበዛበት አፈር ላይ ከተከላችሁት ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ይህ ማለት ብረት የሚባለውን ንጥረ ነገር ከአፈሩ መውሰድ አቅቶታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ አፈር ካላችሁ ኦሪየንታልን በፖት መትከል ይሻላል።

ትራምፔት የሚባለው አበባው እንደ ጥሩምባ ረጅም ነው። ቁመቱ ከሰው ሊበልጥ ስለሚችል ድጋፍ ይፈልጋል። ኦሪየንታልና ትራምፔት ተዳቅለው የወጡት ደግሞ የሁለቱን መልካም ነገር ይዘዋል፤ ሽታም ጥንካሬም አላቸው። እኔ አሁን አንድ ዓይነት ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው እነሱን ነው።

ሎንጊፍሎረም ነጩና ረጅሙ ሊሊ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለፋሲካ ማስጌጫ የሚቀርበው። መነሻው ደቡባዊ የጃፓን ደሴቶችና ታይዋን ስለሆነ ሙቀት ከሌሎቹ በተሻለ ይችላል። ሞቃት አካባቢ ለምትኖሩ ጥሩ መነሻ ነው።

አንድ ለየት የሚል አለ፤ ማዶና ሊሊ። እሱን አተካከሉ ላይ ስደርስ እመለስበታለሁ።

ኮረቱን ስትመርጡ

በእጃችሁ ያዙት። ጠንካራና ለመጠኑ ከበድ የሚል መሆን አለበት። ሲጫኑት የሚሰምጥ ወይም እንደ ባዶ ቅርፊት የቀለለ ከሆነ ተዉት። ከታቹ የሚወጡት ሥሮች በሕይወት ያሉና ወፍራም ቢሆኑ ጥሩ ነው። ሥሩን ሙልጭ አድርገው የቆረጡትን ኮረት ከመግዛት ትንሽ ሆኖ ሥር ያለውን መግዛት እመርጣለሁ። ጫፉ ላይ ትንሽ ቡቃያ ብቅ ቢል ችግር የለውም፤ ረዝሞና ነጥቶ ከተጠማዘዘ ግን ብዙ ስንቁን ጨርሷል ማለት ነው።

አንድ ሁለት ቅርፊት ላይ ሻጋታ ቢታይ አትደንግጡ። የተበላሸውን ቅርፊት ከሥሩ ገንጥላችሁ ጣሉና ቀሪው ጠንካራ ከሆነ ትከሉት። ቅርፊቶቹ የሚገናኙበት የታችኛው ሳህን መሳይ ክፍል ቡናማ ሆኖ ከለሰለሰ ግን ያ ኮረት አይድንም።

ቦታ መምረጥ፦ እዚህ ላይ አትቸኩሉ

ሊሊ ራሱን ፀሐይ፣ እግሩን ቅዝቃዜ ይወዳል። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ምረጡ። ሙቀቱ በጣም ኃይለኛ በሆነበት አካባቢ የጠዋት ፀሐይና የከሰዓት ጥላ ያለው ቦታ ይሻላል፤ አበባውም ቀለሙ ሳይደበዝዝ ይቆያል። ጥላ ከበዛበት አገዳው ብርሃን ፍለጋ ወደ አንድ ጎን ይዘማል።

ከፀሐዩ የሚበልጠው ግን የውሃው ነገር ነው። ከመትከላችሁ በፊት ይህን አድርጉ። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሃ ሙሉት። ውሃው ሲሰርግ እንደገና ሙሉት። ሁለተኛው ውሃ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከሄደ ቦታው ጥሩ ነው። በማግስቱ መጥታችሁ ውሃው አሁንም ተኝቶ ካገኛችሁት እዚያ ሊሊ አትትከሉ። ይህች ሙከራ ግማሽ ቀን ነው የምትወስደው። እኔ ይህን ሳላደርግ ነው ስድስቱን ያጣሁት።

ያላችሁ አፈር ሁሉ ጭቃ የሚይዝ ከሆነ መፍትሔው ከፍ ማድረግ ነው። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሥሩና እዚያ ላይ ትከሉ። ብዙ ሰው ግን እንዲህ ያለ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ታቹን አሸዋ ይሞላና ተከልኩ ይላል። ይህ አይሠራም። ዙሪያው ውሃ የማያሳልፍ አፈር ስለሆነ ዝናቡ ሁሉ እዚያች አሸዋ ላይ ይጠራቀማል፤ ኮረቱ ገንዳ ውስጥ ተቀመጠ ማለት ነው። አሸዋና ብስባሽ የምትጨምሩ ከሆነ መደቡን በሙሉ ቆፍራችሁ ከአፈሩ ጋር አዋህዱት። ተዳፋት ቦታ ካላችሁ ደግሞ ሳትደክሙ ተሳካላችሁ፤ ውሃው ራሱ ይወርዳል።

ብስባሹ በደንብ የበሰለ ይሁን። ትኩስ ፍግ ከሊሊ ኮረት አጠገብ አይደርስም። ያቃጥለዋል፣ መበስበስንም ይጋብዛል።

አሁን እንትከል

ጊዜው ሁለት ነው። አንዱ ብርዱ ከመግባቱ ከአንድ ወር ተኩል ያህል በፊት፣ ሥር ለመስደድ አፈሩ ገና ሞቅ እያለ። ሌላው ብርዱ እንደለቀቀና አፈሩ ሊቆፈር እንደቻለ። ሁለቱም ይሆናል። የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ሥር ይዞ ስለሚቆይ በሚቀጥለው ወቅት ብርታቱ ይታያል።

መደቡን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠልቃችሁ ቆፍሩና አፈሩን አላሉት። ድንጋዩንና የአረሙን ሥር አውጡ።

ጉድጓዱ የኮረቱን ቁመት ሦስት እጥፍ ይሁን። ኮረቱ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 15 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ጠልቆ መተከሉ ምክንያት አለው። አብዛኛው ሊሊ ሥር የሚያወጣው ሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ ከኮረቱ ታች፣ ሌላው ከኮረቱ በላይ ካለው አገዳ። ይህ የላይኛው ሥር አገዳውንና አበባውን ይመግባል፣ እንዳይወድቅም ይይዘዋል። ከላይ አፈር ከሌለው ሥሩ የሚወጣበት ቦታ አያገኝም። ወደ ላይ ቀርቦ የተተከለ ሊሊ አጭርና ደካማ የሚሆነው፣ በነፋስም የሚወድቀው በዚህ ነው። በጣም ትናንሽ ለሆኑ ኮረቶች ከላያቸው 10 ሴንቲ ሜትር አፈር ይበቃል።

ማዶና ሊሊ ነው የተለየው። እሱ ከአገዳው ሥር አያወጣም፤ ከላዩ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አፈር ብቻ ነው የሚፈልገው። ከሌሎቹም ቀደም ብሎ፣ ሙቀቱ መጨረሻ ላይ ሳለ ይተከላል፤ ብርዱን የሚያልፍበትን ቅጠል መሬት ላይ ዘርግቶ መጠበቅ ስለሚወድ ነው። አሲዳማ አፈር አይስማማውም፤ ኖራ ያለበት ይመቸዋል። ከኦሪየንታል ጋር አንድ መደብ ላይ አታኑሯቸው፤ አንዳቸው ሲደሰቱ ሌላው ይከፋል።

ኮረቱን ሥሩ ወደ ታች፣ ሹል ጫፉ ወደ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ሥሮቹን በእጃችሁ ዘርግታችሁ አስተኟቸው። አፈሩን መልሱ፣ በመዳፋችሁ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት፣ በእግር አትረግጡት። ቀጥሎ አንድ ጊዜ በደንብ አጠጡ።

በኮረቶቹ መካከል ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። ረጃጅሞቹን 30 አድርጉት። ውበቱን ካያችሁት አንድ አንድ እየነጠሉ ከመትከል ሦስት ወይም አምስቱን ሰብስቦ መትከል በጣም ያምራል። ክፍተቱ ግን ለማማር ብቻ አይደለም። ነፋስ በመካከላቸው ካለፈ ቅጠሉ ቶሎ ይደርቃል፣ ፈንገስም ይቀንሳል።

የረጅም ዓይነት ከሆነ የድጋፉን እንጨት አሁኑኑ፣ ኮረቱ የት እንዳለ እያያችሁ ትከሉት። በኋላ አገዳው ሲረዝም በጭፍን እንጨት የሚሰካ ሰው ብዙ ጊዜ ኮረቱን ራሱን ነው የሚወጋው።

አይጥና ፍልፈል የሚበዛበት ግቢ ከሆነ የሊሊ ኮረት ይወዳሉ። የወንፊት ሽቦ እንደ ቅርጫት አጥፋችሁ ኮረቱን እውስጡ ትከሉት። የሽቦው ቀዳዳ አገዳው የሚያልፍበት ይሁን። ትንሽ ልፋት ነው፤ ግን ጠዋት ተነስቶ የተቆፈረ ጉድጓድ ከማግኘት ያድናል።

መጨረሻ ላይ የቦታው ምልክት አኑሩ። ሊሊ ለወራት ምንም ሳያሳይ ይቆያል፤ ሳታውቁት ሌላ ነገር ልትተክሉ ስትሉ በዶማ ለሁለት እንዳትከፍሉት።

ከላዩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጉዝጓዝ አልብሱት፤ ደረቅ ቅጠል፣ ገለባ፣ የእንጨት ቅርፊት የተገኘው ይሆናል። አፈሩን ያቀዘቅዛል፣ እርጥበቱን ይይዛል። ቡቃያው ሲወጣ ግን ከአገዳው ዙሪያ ትንሽ ፈቀቅ አድርጉት። ሥሩ የማይጠልቅ አጭር አበባ በዙሪያው መትከልም ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ የሊሊው እግር በጥላ ይሆናል።

ሞቃት አካባቢ ለምትኖሩ

አብዛኛው ሊሊ ለማበብ ቅዝቃዜ ማየት አለበት። ብርድ የማይገባበት ቦታ ላይ የመጀመሪያው ዓመት ያብባል፤ ከመሸጡ በፊት ቀዝቅዞ ስለነበር። በሁለተኛው ዓመት ቅጠል ብቻ ይሆናል፤ ሰውም ግራ ይጋባል።

ይህን በፍሪጅ መተካት ይቻላል። ቅጠሉ ደርቆ ሲያልቅ ኮረቱን አውጡ፣ አፈሩን አራግፉ፣ ትንሽ እርጥብ በሆነ ኮኮ ፒት ከጠቀለላችሁት በኋላ ቀዳዳ ባለው ፌስታል አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። በረዶ ቤቱ ውስጥ አይግባ። ከ2 እስከ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት ይቆይ። ፖምና ሌላ የበሰለ ፍራፍሬ አጠገቡ አይኑር፤ የሚለቁት ኤቲሊን የሚባል ጋዝ በውስጡ ያለውን የአበባ ቡቃያ ሊያበላሸው ይችላል። ሲያበቃ አውጥታችሁ ወዲያው ትከሉት።

በፖት ከሆነ

ጥልቀቱ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ታቹ የተበሳ ይሁን። እንዲህ ባለው ፖት ሦስት ኮረት ይበቃል። ማዳበሪያና ውሃ ከመደቡ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይፈልጋል፤ በሙቀት ጊዜ በየቀኑ በጣታችሁ ፈትሹት። አፈሩን በየዓመቱ ቀይሩለት። ከፖቱ ሥር ውሃ የሚያጠራቅም ሳህን አታስቀምጡ።

ቡቃያው ወጣ፤ ከዚህ በኋላስ?

የሊሊ ቡቃያ ወፍራምና ሹል ሆኖ ነው የሚወጣው። በዚህ ጊዜ እርምጃችሁን ጠብቁ። ጫፉ ከተሰበረ ያ ኮረት በዚያ ዓመት ሌላ አገዳ አያወጣም፤ አበባውም እዚያው ቀረ። ልጆችና ውሻ የሚሮጡበት ግቢ ከሆነ ዙሪያውን ትናንሽ እንጨት ሰካ ሰካ አድርጉበት።

ውሃ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ጠለቅ አድርጋችሁ አጠጡ። ዝናቡ ተጨምሮ በሳምንት 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ካገኘ ይበቃዋል። በየቀኑ ላይ ላዩን መርጨት አይጠቅመውም፤ ኮረቱ ያለው 15 ሴንቲ ሜትር ታች ነው። ጣታችሁን ወደ አፈሩ አስገቡ፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ ደረቅ ከሆነ አጠጡ። ጠዋት አጠጡ፣ እግሩ ላይ አጠጡ፣ ቅጠሉን አታርጥቡት።

ማዳበሪያ ቡቃያው 10 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አንድ ጊዜ፣ እምቡጡ ሲታይ ደግሞ ሁለተኛ ስጡት። ናይትሮጂን የበዛበትን አትምረጡ። ቅጠሉ ይለመልማል፣ አገዳው ግን ይለሰልሳል፣ በሽታም ይወደዋል። ፖታሽ፣ ማለትም ፖታሲየም፣ ከፍ ያለበት ይሻላል፤ ለቲማቲም ተብሎ የሚዘጋጀው ፈሳሽ ማዳበሪያ ለሊሊም ይስማማል። ደረቅ ማዳበሪያ ከሆነ አገዳውን ሳትነኩ ዙሪያውን በትኑና አጠጡት።

በመጀመሪያው ዓመት አገዳው አጭር፣ አበባው ሁለት ሦስት ብቻ ቢሆን አትዘኑ። ገና ሥር እያበጀ ነው። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ነው መልኩን የሚያሳየው።

ድመት ካለቻችሁ ይህን ሳታነቡ አትለፉ

ሊሊ ለድመት መርዝ ነው። ቅጠሉም፣ አበባውም፣ ኮረቱም፣ የአበባው ብናኝም፣ አበባው የቆመበት ውሃ እንኳ። ድመቷ ጠጉሯ ላይ ያረፈውን ብናኝ ልሳ ብቻ ልትመረዝ ትችላለች። መጀመሪያ ታስመልሳለች፣ ምግብ ትተዋለች፣ ትደክማለች። በጥቂት ቀናት ውስጥ ኩላሊቷ ሥራ ያቆማል። ነክታለች ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። የመዳን ዕድሏ በሰዓታት ነው የሚወሰነው። ዴይሊሊም እንዲሁ ነው። እኔ ድመት ላለው ሰው ሊሊ አልሰጥም። ግቢው ውስጥ የጎረቤት ድመት የምትመላለስ ከሆነም ሌላ አበባ ብትመርጡ ደስ ይለኛል።

ሲያብብና ካበበ በኋላ

ለቤት ውስጥ መቁረጥ ከፈለጋችሁ ታችኛው እምቡጥ ቀለም ይዞ ሊከፈት ሲል በጠዋት ቁረጡ። የቀሩት ውሃ ውስጥ ይከፈታሉ። ከአገዳው አንድ ሦስተኛውን ብቻ ውሰዱ። ከዚያ በላይ ከቆረጣችሁ ለኮረቱ ምግብ የሚሠራውን ቅጠል ወሰዳችሁበት ማለት ነው። ከአንድ ተክል በየዓመቱ ባትቆርጡ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።

አበባው እንደተከፈተ መሃሉ ላይ ያሉትን ብናኝ የተሸከሙ ስድስት ራሶች በሶፍት ይዛችሁ ልቀሙ። ልብስ ላይ ከነካ የማይለቅ ቡናማ ቀለም ይተዋል። ከነካ ደግሞ በውሃ አትሹት፤ ያኔ ነው ጨርቁ ውስጥ የሚገባው። እስኪደርቅ ጠብቁና በፕላስተር እየለጠፋችሁ አንሱት።

የጠወለጉትን አበቦች አንድ በአንድ ቁረጡ። ካልቆረጣችሁ ዘር ለማፍራት ጉልበቱን ይጨርሳል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጊዜ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት። አበባው አለቀ፣ አገዳው ብቻውን ቆሞ ያስጠላል፣ ሰውም መቀሱን አምጥቶ ከሥሩ ይቆርጠዋል። እባካችሁ ተዉት። የሚቀጥለው ዓመት አበባ የሚሠራው አሁን ነው። እነዚያ ቅጠሎች አረንጓዴ እስከሆኑ ድረስ ከፀሐይ የሚያገኙትን ሁሉ ወደ ኮረቱ እያወረዱ ነው። ማጠጣቱንም ቀጥሉ፣ አንድ ጊዜ ፖታሽ ያለበት ማዳበሪያም ስጡት። አገዳው ራሱ ቢጫ ሆኖ ሲደርቅ፣ ያኔ ቁረጡት። ማየቱ ካስጠላችሁ ከፊቱ ዘግይቶ የሚያብብ ሌላ አበባ ትከሉ፤ ይሸፍነዋል።

የደረቀውን አገዳና ቅጠል ከመደቡ ላይ አንሱ። የፈንገሱ ዘር የሚያድረው እዚያ ላይ ነው።

የሚያስቸግሩት ነገሮች

ቀዩ የሊሊ ጥንዚዛ በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ አለ። ደማቅ ቀይ ነው፣ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ከቅጠል ጀርባ ብርቱካንማ እንቁላሎቹን ደርድሮ ይጥላል። እጮቹ ደግሞ በራሳቸው ኩስ ተሸፍነው ስለሚኖሩ እንደ ወፍ ኩስ ያለ ነገር ቅጠሉ ላይ ካያችሁ እነሱ ናቸው። ተክሉን በቀናት ውስጥ ይመልጡታል። ጥሩው ዘዴ በየጠዋቱ በእጅ መልቀም ነው። ጥንዚዛው ሲነካ ይወድቅና በጀርባው ይተኛል፤ ሆዱ ጥቁር ስለሆነ አፈር ላይ አይታይም። ስለዚህ መጀመሪያ ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ ያለበት ዕቃ ከሥሩ ያዙ፣ ከዚያ ንኩት። እንቁላሉን በጣታችሁ አፍርጡት።

ክሽክሽ እምቡጡና ለጋው ጫፍ ላይ ይሰፍራል። እሱ ራሱ ከሚጠባው ይልቅ የሚያስፈራው የሚያመጣው ቫይረስ ነው። በውሃ ግፊት አራግፉት፣ ካልሄደ በሳሙና ውሃ እጠቡት። ቅጠሉ ቢጫ ዥንጉርጉር ሰንበር ካወጣ፣ አበባው ከተጣመመና ከተንሻፈፈ ቫይረስ ነው፤ መድኃኒት የለውም። ከነኮረቱ ቆፍራችሁ አውጡና ጣሉት፤ ብስባሽ ውስጥ አይግባ። ታይገር ሊሊ የሚባለው ነጠብጣብ ያለበት ብርቱካንማ ዓይነት ቫይረሱን ተሸክሞ ምንም ምልክት ሳያሳይ መኖር ይችላል፤ ከሌሎቹ ራቅ አድርጋችሁ ትከሉት።

ዝናብ ሲበዛ ቅጠሉ ላይ ሞላላ ቡናማ ነጠብጣብ ከወጣ ቦትራይቲስ የሚባል ፈንገስ ነው። ከታች ጀምሮ ቅጠሉን ያረግፋል። የታመሙትን ቅጠሎች ለቅማችሁ ጣሉ፣ ቅጠሉን ማርጠብ አቁሙ፣ ከተጨናነቁ በሚቀጥለው ጊዜ አራርቁ። ከባሰበት መዳብ ያለበት የፈንገስ መድኃኒት መርጨት ይቻላል። ኮረቱን ግን ብዙ ጊዜ አይገድለውም፤ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል።

ቀንድ አውጣ ለጋውን ቡቃያ ይበላል። ማታ ባትሪ ይዛችሁ ውጡና ልቀሙ።

ማባዛት

በሦስት ወይም በአራት ዓመት አንዴ አገዳዎቹ በዝተው አበባው ካነሰ ተጨናንቀዋል ማለት ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ራቅ ብላችሁ ከጎን ቆፍሩና ጠቅላላውን አንሱት። ኮረቶቹ በእጅ ይላቀቃሉ። ያንኑ ቀን በአዲስ ቦታ ትከሏቸው።

ከአንድ ኮረት ብዙ ማግኘት ከፈለጋችሁ ደግሞ በጣም የምወደው ዘዴ አለ። ከጤነኛ ኮረት ከውጭ በኩል አምስት ስድስት ቅርፊት ከሥሩ ገንጥሉ፤ ከታች ካለው ሳህን መሳይ ክፍል ትንሽ ይዞ ይውጣ። እናትየዋን መልሳችሁ ትከሏት፤ ምንም አትሆንም። ቅርፊቶቹን ትንሽ እርጥብ በሆነ ኮኮ ፒት ወይም ቨርሚኩላይት (እርጥበት የሚይዝ ቀላል ማዕድን) ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ አፉን እሰሩና ከ20 እስከ 22 ዲግሪ ባለ ቦታ አስቀምጡ። እርጥብ ሲባል በእጅ ሲጨመቅ ውሃ የማይወርደው ማለት ነው። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ በየቅርፊቱ ታች ሩዝ የሚያካክሉ ነጫጭ ኮረቶች ይታያሉ። እነሱን ከነፌስታላቸው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ፍሪጅ ውስጥ አቆዩና ከዚያ በትንሽ ዕቃ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አልብሳችሁ ትከሏቸው።

ታይገር ሊሊ ያላችሁ ይህም አያስፈልጋችሁም። በየቅጠሉ ብብት ጥቁር፣ ክብ፣ ትንንሽ ፍሬ ይይዛል። በጣት ሲነካ የሚለቅ ከሆነ ደርሷል፤ ለቅማችሁ እንደ ዘር ትከሉት።

በሁለቱም መንገድ የመጣው ተክል አበባ እስኪያሳያችሁ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይፈጃል። በመጀመሪያው ዓመት የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ አንዲት ቀጭን ቅጠል ብቻ ነው፤ አረም ትመስላለች። ስትኮተኩቱ እንዳትነቅሏት ከጎኗ ምልክት አድርጉባት።